ድምፅ አልባው የኢዮቴባ ቪዲዮ

ቪዲዮው ሲገባላት ሩተታ የአንድ ሕፃን የልደት በዓል እያቀናበረች ነበር። እያቀናበረች ማለት እንኳ ማጋነን ነው። ዓይኗ ኮምፒውተሩ ላይ ተተክሎ ልቧ ግን ባሕር ላይ ነበር። ወንድሟ ኢዮቴባና የአክስታቸው ልጅ ካውሬ ትናንት አመሻሽ ላይ ለዓሣ ወጥተው፣ ጎሕ ሲቀድ መመለስ ሲገባቸው፣ ይኸው ረፋዱ እየገፋ ነው፣ የሉም። አባቷ ናቡቲ በማለዳ ወደብ ወርዶ አመልክቷል። ፈላጊዋ ጀልባም እሱ በጠቆመው በሰሜን በኩል፣ ወደ አባያንግ ደሴት አቅጣጫ ወጥታለች። ሩተታ እቤት እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ብላ ነው ወደምትሠራበት የቪዲዮ ሱቅ የገባችው።

ስልኳ ጢው ሲል ዘላ አነሳችው።

«እሰይ! ኢዮቴባ ነው! እትዬ ሜሬ፣ ኢዮቴባ ቪዲዮ ላከ!»

የሱቁ ባለቤት ሜሬ ከመጋረጃው ጀርባ ወጣች። ግዙፍ፣ ሳቂታ፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት። «አላልኩሽም? ያ ውሪ ዓሣውን አንጠልጥሎ ሊፎክርብን ነው። በይ ድምፁን ከፍ አድርጊውና እንስማው!»

ኢዮቴባ ግን አይፎክርም። ፊቱን ስልኩ ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ አፉን በኃይል እየከፈተ ይናገራል። ይጮኻል ቢባል ይሻላል፣ የአንገቱ ሥር ተገታትሯል። ከኋላው ካውሬ በተቆረጠ ጀሪካን ከጀልባዋ ውስጥ ውሃ እየጨለፈ ይደፋል፤ ቀና እንኳ አይልም። የሞተሩ ክዳን ተነቅሏል። ከዚያ ወዲያ ሰማይ ብቻ ነው፤ መሬት የለ፣ ዛፍ የለ። ቪዲዮው አለቀ።

ድምፅ የለውም። ጭጭ።

«ድገሚው» አለች ሜሬ፤ ሳቋ የት እንደገባ እንጃ።

ደገመችው። ያው ጭጭ። ደወለችለት፣ ስልኩ ዝግ ነው። ባሕር ላይ ኔትወርክ አንዴ ብልጭ ብሎ ድርግም ነው፤ ቪዲዮው ማለፉም በተአምር ነው። የሩተታ ወሽመጥ ብጥስ አለ። ጀልባዋ ውሃ እየገባት ነው፣ ሞተሩም ሞቷል። በእኛ ደሴቶች ማዕበል እየነዳ ይዞት የሄደ ዘመድ የሌለው ቤት የለምና ይህን ነገር ማንም እንዲያስረዳን አያስፈልግም። ከደሴታችን ከታራዋ ወደ ምዕራብ አንዴ ከተንሳፈፉ የሚቀበል መሬት የለም። ኢዮቴባ ደግሞ የት እንዳለ እየነገራት ነው። ዓይኗ እያየ፣ አፉ እየተንቀሳቀሰ ይነግራታል፤ እሷ አትሰማም!

«የስልክሽ ጥፋት ይሆናል» አለች ሜሬ። «ወደ ኮምፒውተሩ አስገቢው። ለስንቱ ያደረግሽውን ለወንድምሽ ያቅትሻል እንዴ?»

እውነቷን ነው። በከተማችን በቤሲዮ ድምፁ የጠፋ ቪዲዮ ሁሉ መድረሻው ሩተታ ጋ ነው። ዘፈኑ የጠፋበት ሠርግ፣ አፋቸውን እንደ ዓሣ የሚከፍቱ መዘምራን፣ ሁሉም እሷ ጋ መጥቶ ድምፅ አውጥቶ ይሄዳል። ሰዎቹንም ትሰድባቸው ነበር፤ «ራሳችሁ ዘግታችሁ እኔን ታደርቁኛላችሁ» እያለች።

ቪዲዮውን ወደ ማቀናበሪያው ፕሮግራም አስገባችው። ሥዕሉ ከላይ ተዘረጋ፣ የድምፁ መስመር ከሥሩ። መጀመሪያ ድምፅ ማጥፊያው ተነክቶ እንደሆነ አየች፤ አልተነካም። ኮምፒውተሩ ድምፁን ወደ ሌላ ማጉያ እየላከው እንደሆነ አየች፤ ደህና ነው። ለማረጋገጥ ያንን የልደት ቪዲዮ ብታጫውተው የሕፃኑ አጎቶች ዘፈን ሱቁን ሊያፈርሰው ደረሰ። ሜሬ ጆሮዋን ይዛ «አጥፊልኝ እነዚህን!» ብላ ጮኸች። ኮምፒውተሩ ጤነኛ ነው ማለት ነው። የኢዮቴባን ሲያጫውቱት ግን መቃብር ነው።

«አንዳንድ ስልክ ድምፁን ፕሮግራሙ በማያውቀው ዓይነት ይቀዳል» አለች ሩተታ፤ ለሜሬ ይሁን ለራሷ አይታወቅም። ፋይሉን በሌላ ፕሮግራም ለወጠችና እንደገና አስገባችው። ጠበቀች። መዳፊቱን በሁለት እጇ ይዛዋለች። ተጫወተ። ኢዮቴባ አፉን ከፈተ፣ ካውሬ ውሃውን ጨለፈ፣ ምንም።

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! ሩተታ ጠረጴዛውን በጡጫ መታችው። «ምን እያልክ ነው? ምንድን ነው የምትለኝ አንተ ልጅ?» ብላ ስክሪኑ ላይ ጮኸችበት። ከዚያ እንባዋ መጣ።

«ተይ፣ ተይ እህቴ» አለች ሜሬ ትከሻዋን ይዛ። «አሁን የልቅሶ ጊዜ አይደለም። አንዱ ሲያለቅስ ሌላው ይሰምጣል። የድምፁን መስመር አሳይኝ እስቲ።»

መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። እንዲህ ያለ መስመር ሲያጋጥማት ሩተታ ለደንበኞቿ አንድ መልስ ነበራት፤ «ያልተቀዳ ድምፅ ከየት ላምጣላችሁ? ወደ ቤታችሁ ሂዱ» ትላቸው ነበር። አሁን ያንን መልስ ለራሷ መስጠት ፈራች። መስመሩን ጎትታ አሰፋችው። አሁንም ቀጥ ያለ ነው። አሁንም አሰፋችው፣ እስከ መጨረሻው፣ አፍንጫዋ ስክሪኑን እስኪነካ ተጠጋች።

«እትዬ ሜሬ፣ እይው! ፀጉር አለው!»

እንደ ፀጉር የቀጠኑ፣ ከፍ ዝቅ የሚሉ ነገሮች። ባዶ አይደለም። ድምፁ ተቀድቷል፣ ግን ታፍኗል። አንድ ነገር ስልኩን አፍኖታል። በጣቱ እንዳትል፣ ጣት ቢሆን አንዳንዴ ይነሳ ነበር፤ ይሄ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያው ነው።

አባቷ ናቡቲ የገባው ይሄኔ ነው። ከወደቡ በእግሩ መጥቶ ላቡ ይንጠባጠባል። ወሬ አለ ብሎ ሳይሆን ሴት ልጁ አጠገብ ለመቀመጥ ነው የመጣው። ናቡቲ ቀጭን፣ ደረቅ፣ ቃሉን ቆጥቦ የሚናገር ሽማግሌ ነው፤ በመንደሩ መሰብሰቢያ አዳራሽ፣ በማኔባው፣ እንኳ ሁሉ ተናግሮ ሲጨርስ ነው አፉን የሚከፍት።

«አባዬ፣ ኢዮቴባ ቪዲዮ ልኳል። ና እይ!»

አየ። ልጁን አየ፣ ውሃውን አየ። ከንፈሩ ደረቀ። «ድምፁስ?» አለ።

«ታፍኗል። ስልኩን የሆነ ነገር ዘግቶታል። ምን እንደሆነ ግን…»

ሩተታ ዞር ብላ አባቷን አየችው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አባዬ?»

«እኔ ነኝ» አለ። «በዳቦ ፍሬ ዛፍ ሙጫ ዘጋሁት።»

«ምኑን?»

«የስልኩን ጆሮ። ያችን ቀዳዳ።»

ሜሬ «ወይኔ ጉዴ!» ብላ አፏን ያዘች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢዮቴባ ሲያጠምድ ቪዲዮ እያነሳ ይልክላታል፣ ሩተታ ታሳምረውና ለሰው ይለቀቃል። ደሴቱ ሁሉ ይወድለታል። ባለፈው አንዱ ቪዲዮ ላይ ካውሬ ከኋላ ሆኖ ከቦታው ምልክት አንዲት ቃል ሲጮኽ ተሰማ። በነጋታው የሌላ ሰው ጀልባዎች ቦታውን ሊያገኙ ባሕሩን ሲያስሱ ታዩ። ናቡቲ ያን ዕለት ያበደ ሰው መሰለ። በእኛ ዘንድ የአንድ ቤት ማጥመጃ ቦታ ከመሬቱም ይበልጣል። ምልክቱን አባት ለወንድ ልጁ በጆሮው ይነግረዋል እንጂ ለሴት ልጁ እንኳ አይነግርም። ለባዕድ ያወጣው ሰው ዓሣው ይሸሸዋል፣ እሱም ዓመት አይከርምም ይባላል። እመኑ አትመኑ፤ ናቡቲ ያምናል። ቤተሰቡ ቦታውን «ጓዳው» ነው የሚለው፤ በድርቁ ጊዜ እነሱን ያኖረ ጓዳ ነው። ስለዚህ ዛፉን ሰንጥቆ፣ ሙጫውን አምጥቶ፣ ያችን ቀዳዳ ታንኳ እንደሚደፈን አድርጎ ደፈናት።

ሩተታ ለመቆጣት ጊዜ አልነበራትም። ጆሮ ማዳመጫውን ጭንቅላቷ ላይ ደፍታ ድምፁን አነሳችው፣ እንደገና አነሳችው። የመጣው ሹሹታ ነው፣ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ይመስል። ሹሹታውን ቀስ በቀስ ቀነሰችው። ከሥሩ የሰው ድምፅ ወጣ። የኢዮቴባ ነው፣ ታውቀዋለች፤ ቃሉ ግን አይለይም። ከምንጣፍ ሥር ሆኖ የሚናገር ሰው ነው።

ከድምፁ ሥር ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ድም ይላል፤ ያርፋል፤ ድም ይላል።

«ይሄ ምንድን ነው?» ብላ ማዳመጫውን ነቅላ በድምፅ ማጉያው ለቀቀችው።

ድም። ዝም። ድም።

«አቁሚው» አለ ናቡቲ።

«ምንድን ነው አባዬ?»

«ማዕበል ነው። ቋጥኝ ላይ የሚሰበር።» ወንበሩን ያዘ። «ባሕሩ ሲጎድል ጓዳው ላይ እንዲህ ይሰበራል። እዚያው ናቸው። መልሕቃቸውን ጥለው እዚያው ቆመዋል።»

«እና እሰይ ነዋ! አልተወሰዱም! ፈላጊዋ ጀልባ ጋ እንደውልና…» ሩተታ ቃሏን ሳትጨርስ አባቷን አየችው። «አባዬ፣ ጓዳው በሰሜን ነው አይደል?»

ናቡቲ ወለሉን አየ።

«አባዬ! ለሰዎቹ ሰሜን ነው ያልካቸው!»

«ደቡብ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ወደ ማያና ደሴት።»

ሩተታ መጀመሪያ የሰማችው አልገባትም፤ ከዚያ ገባት። ከጠዋት ጀምሮ ስትጸልይ የዋለችው ያቺ ጀልባ ከወንድሟ እየራቀች ነበር።

«ጀልባዋ ላይ የማን ልጆች እንዳሉ ታውቂያለሽ» አለ ናቡቲ፣ ድምፁ እየተሰበረ። «ዓሣ አጥማጆች ናቸው። አንዴ ካዩት አለቀ። ሞተር ነው የተበላሸባቸው፣ ረፋድ ላይ ይመጣሉ፣ ካልመጡም የወንድሜን ጀልባ ለምኜ ራሴ እሄዳለሁ ብዬ… ውሃ ይገባቸዋል ብዬ አላሰብኩም። አላሰብኩም ልጄ።»

«ለዓሣ ብለህ!»

«ለእናንተ ብዬ ነው!»

«እኛ እነማን ነን? አንዱ እየሰመጠ ነው፣ አንዷ እዚህ ናት፣ ለማን ብለህ ነው?» ሩተታ አባቷ ላይ ስትጮኽ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ሜሬ ሄዳ መስኮቱ አጠገብ የተሰቀለውን ሬዲዮ አወረደች። ባሏ ባራኒኮ ወደ ማያና ሰው የሚያመላልስ ጀልባ አለው፤ በዚህ ነው የሚነጋገሩት። መናገሪያውን ለናቡቲ ዘረጋችለት። «ጋሽ ናቡቲ፣ ባራኒኮ አሁን ማያና ነው። ይንገሩት።»

ናቡቲ እጁን አልዘረጋም። ይህን ሬዲዮ በዚህ ባሕር ላይ ያለ ጀልባ ሁሉ ይሰማዋል። ምልክቱን ለባዕድ እንዳያወጣ ደግሞ አባቱ በሞት አልጋው ላይ አስምሎታል። ፍርሃቱ ለሩተታም ተጋባባት፤ ይሄን ተናግሮ አባቴም ቢሞትብኝስ አለች በሆዷ። ይህን ማሰቧ ራሱ አናደዳት።

«አባዬ» አለች፣ አሁን ሳትጮኽ። «እኔ ብነግራቸው በወደድኩ። አልነገርከኝም። የምታውቁት አንተና እነሱ ብቻ ናችሁ፤ እነሱን ደግሞ አፋቸውን ዘግተህባቸዋል። ተናገር።»

ወሰደው።

«ባራኒኮ» አለ። «ናቡቲ ነኝ። ልጆቼ… ልጆቼ ከማያና በላይ ናቸው። ሰሜኑ ጫፍ ላይ ተለይተው የቆሙ ረጃጅም ኮኮናቶች አሉ። እነሱን ከጀርባህ አድርገህ ወደ ፀሐይ መውጫ ሂድ። አናታቸው ብቻ ሲቀር ሞተርህን አቀዝቅዝ። ውሃው አረንጓዴ ይሆናል። እዚያ ነው።» ትንፋሹን ሳበና ደገመው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፤ የሰሙት ሁሉ በደንብ እንዲሰሙት።

የባራኒኮ ድምፅ መጣ።

«ሰምቻለሁ ጋሼ። እየሄድኩ ነው። ምነው ጠዋት ቢነግሩኝ? በዚያ በኩል እኮ ነው ያለፍኩት።»

ናቡቲ መናገሪያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ከዚያ በኋላ ሌሎች ድምፆች መጡ፤ ከወደቡም ከባሕሩም፣ «እኔም ሰምቻለሁ»፣ «እኔም እየዞርኩ ነው» የሚሉ። ከእነሱ መካከል ጓዳውን ሲያነፈንፉ የኖሩ ነበሩ። አንድም ሰው አላሾፈም።

መጠበቅን የሚያህል ክፉ ነገር የለም። ሜሬ ሻይ አፈላች፤ የቀመሰው የለም። ሩተታ ከሬዲዮው ላይ ዓይኗን አልነቀለችም፤ በዝምታው መሐል ኩሽ ባለ ቁጥር ልቧ ድንግጥ ይላል። ናቡቲ በመስኮቱ የወደቡን ግንብ ያያል። ውሃው ግንቡ ላይ ያለውን ጥቁር መስመር አልፎ እየወጣ ነበር።

«ባሕሩ እየሞላ ነው» አለ። «ቋጥኙ ላይ ሲሞላ ማዕበሉ ከሁለት ወገን ነው የሚመጣው።»

«ዝም በል አባዬ፣ እባክህ።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ሬዲዮው ሲናገር የባራኒኮ ድምፅ ዝግ ያለ ነበር። «አግኝቻቸዋለሁ» አለ። ሜሬ እልል ልትል አፏን ስትከፍት «ሜሬ፣ ምንጣፍ ይዛችሁ ወደብ ውረዱ» አለና ዘጋው።

ካውሬ ከጀልባው የወረደው በሁለት ሰው ተደግፎ ነው፤ ከንፈሩ በጨው ተሰነጣጥቆ። ኢዮቴባን በምንጣፍ አወረዱት። ሩተታ ፊቱን ገልጣ አየችውና እዚያው ኮንክሪቱ ላይ ተዘረፈጠች። ገና ሞቃት ነበር። ይኸ ነው የሚያበሳጨው፣ ገና ሞቃት ነበር።

«ተገለበጠች» አለ ካውሬ፤ ማንም ሳይጠይቀው ነው የሚናገረው። «ባሕሩ ሲሞላ ተገለበጠች። ሆዷ ላይ ተኝተን ተያይዘን ነበር። የጋሽ ባራኒኮን ጀልባ አየነው። ‹መጡ! ሩቴ ሰማችን!› አለኝ፣ ሳቀ እኮ። ከዚያ ከኋላ የመጣው ማዕበል… እጁ እጄ ውስጥ ነበር። ጀልባውን እያየሁ ነው ያመለጠኝ።»

ናቡቲ ልጁ ራስጌ ተንበርክኮ ነበር። ቀና አለ። «በቪዲዮው ምን ነበር የሚለው?» አለ።

ካውሬ ዓይኑን አሸሸ።

«ካውሬ። ምን ነበር የሚለው?»

«ምልክቱን ነበር የሚናገረው ጋሼ። ይማሩኝ። ‹ሩቴ፣ ጓዳው ላይ ነን። አባዬ ሰሜን ብሏቸው ይሆናል፣ እሱን አትስሚው› ነው ያለው። ከዚያ ኮኮናቶቹን፣ አረንጓዴውን ውሃ፣ ሁሉንም ተናገረ። ‹ለሁሉም ንገሪ፣ ጓዳው ይቅርብን› አለ። ሙጫውን ረስተነው ነበር። ትዝ ያለን ስልኩ ባሕር ከገባ በኋላ ነው።»

ከቀብሩ በኋላ፣ ለቀስተኛው ማኔባው ውስጥ ተቀምጦ ሳለ፣ ናቡቲ ሩተታን በዓይኑ ጠቅሶ አስነሳት። ወደ ሱቁ ሄዱ። ሜሬ ከፍታላቸው ወደ ውጭ ወጣች።

«አጫውቺው» አላት።

«አባዬ፣ ቃሉ አይለይም እኮ። ሰምተኸዋል።»

«አጫውቺው ልጄ።»

ያንን ሹሹታ የተቀነሰለትን ከፈተችው። ኢዮቴባ አፉን ከፈተ። ሩተታ ጆሮዋን አላመነችም። ያው የታፈነ ድምፅ ነው፣ አንድ ነገር አልነካችውም፤ ካውሬ ቃሉን ከነገራት በኋላ ግን አንድ በአንድ ይሰማል። *ሩቴ። ጓዳው ላይ ነን። አባዬ ሰሜን ብሏቸው ይሆናል።* ከዚያ ምልክቱ፣ አባት ለልጁ በጆሮው እንደነገረው፣ ቃል ሳይዛነፍ። አባቷን ልታየው ፈራች፤ ግን አየችው።

ናቡቲም እየሰማ ነበር። ከወንበሩ ተነስቶ ወደ ስክሪኑ ተጠጋና፣ ሁልጊዜ ልጁ ከባሕር ሲመለስ ከሩቅ ሲጠራው እንደሚመልስለት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ መለሰ።

«ሰማሁህ ልጄ» አለ። «ነግሬያቸዋለሁ። ሰማሁህ፣ ነግሬያቸዋለሁ።»